የአባባ ሳልና ያንተ ሳል

ለውድ ወንድሜ ለዜኖቢዮ፣

እንዴት ከርመሃል ወንድም ዓለም? ሰውነትህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? የቦነስ አይረስ ብርድ ለቀቅ አደረገህ ወይስ አሁንም ጃኬትህን ለብሰህ ነው የምትተኛው? ከስፌት ማሽኑ ቀና ብለህ ወገብህን የምታሳርፍበት ጊዜ ይሰጡሃል? አብረውህ የሚያድሩት የአገራችን ልጆችስ ሰላም ናቸው? ደረትህ ግን እንዴት ነው? እየደጋገምኩ ብጠይቅህ አትቀየመኝ። ባለፈው ከስልክ ቤቱ ሆነን ስናናግርህ ንግግርህን አቋርጠህ ሳልክ፤ ከዚያም «የጨርቅ ብናኝ ነው፣ አታካብጂ» አልከኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያ ሳል ከጆሮዬ አልወጣም። የማዕድን ድንጋይ እየመረጥኩም፣ ድንች እየላጥኩም እሰማዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የምትመጣው የጎረቤታችን የዶኛ ሲሞና ልጅ ሩፊና ናት። እሷም ስፌት ልትሠራ ወደዚያው መሄዷ ነው። በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩት፣ ስልክ ቤቱ ውስጥ ሰው ተራ ይዞ ከኋላችን ቆሞ ስለሚያዳምጥ ነው። ደግሞ ድምፅህን ስሰማ ልናገር ያሰብኩትን ትቼ ስለ አየሩ አወራለሁ። ስለዚህ ብቻህን ሆነህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው። እስከ መጨረሻው ሳታደርስም ከመቀመጫህ እንዳትነሳ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባባ ነው። አባባ የሚስሉት አንተና እኔ ልጆች ሳለን ጀምሮ ነው። በቺልካኒ የማይስል ወንድ የታለ? የመሰርሰሪያው አቧራ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ይጋገራል፤ እኛም «የማዕድን በሽታ» ብለን እናልፈዋለን። በካርኒቫል በዓል መጥተህ ከእሳቸውና ከልጅህ ከኤልቪታ ጋር በአንድ ክፍል ስታድር ሳሉ ብሶባቸው ነበር። ትዝ ይልሃል፣ እርጅና ነው ተባባልን።

አንተ ከሄድክ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያችን አዲስ ነርስ መጣች። ኦርቴንሲያ ትባላለች፣ የሱክሬ ከተማ ልጅ ናት። ቁመቷ ትከሻዬ ላይ አይደርስም፣ ድምፅዋ ግን ከዚህ እስከ ወንዙ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሬዲዮ በኬችዋ ቋንቋ ትናገራለች፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ሁሉ ይምጣ፣ ምርመራውም መድኃኒቱም ነፃ ነው ትላለች። ማንም አልሄደላትም። እንደማይመጡ ባየች ጊዜ፣ ቅዳሜ ወንዶቹ ከሥራ ሲወጡ ጠብቃ፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች በከረጢት ይዛ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። እኔና እማዬ እዚያው አጠገብ ድንጋይ ስንመርጥ ነበር። አክታችሁን እዚህ ውስጥ ትፉልኝ ስትላቸው ሳቁባት። የአባባ ቡድን አለቃ ዶን ካሲያኖ፣ «ወስደሽ ለጉድጓዱ ጌታ ለቲዮ ምስል ስጪው፤ ከሁላችን ቀድሞ እዚያ ውስጥ የገባ እሱ ነው፣ በየሳምንቱ ሲጋራ የምንለኩስለትም እሱ ነው» አላት። አባባም ቀበል አድርገው፣ «ልጄ፣ የእኔ ሳል አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ከእኔ በፊት ጡረታ የሚገባው ለእሱ ነው» አሉ። ወንዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፣ ዕቃዎቿን ሰብስባ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታ ላይ ቆማ አገኘናት።

አትፍረድባቸው። የማዕድን በሽታ የያዘው ሰው ጉልበቱን የጨረሰ፣ የሠራ ሰው ነው፤ ይከበራል። ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሲባል ግን ቤቱ የተራበ፣ ሚስቱ የማታጥብለት ተደርጎ ይወራበታል። ቡድኑም ከጉድጓድ ያስወጣዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳሉን በኮካ ቅጠል ጉንጩ ውስጥ ያፍነዋል እንጂ ስሙን መስማት አይፈልግም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን እማዬን ወንዝ ዳር አገኘኋት። ብቻዋን ተንበርክካ የአባባን መሐረብ ታሻለች። ውሃው ጣት የሚያደነዝዝ ነበር፣ እሷ ግን ጥድፊያዋ ሰው እንዳይደርስባት ነው። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳልጠይቃት «ነስር ነው» አለችኝ። የያዝኩትን ልብስ እዚያው ድንጋይ ላይ ትቼ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣሁ።

ነርሷ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች። አባባ ገና በር ላይ ሲያዩዋት ፊታቸው ጠቆረ፤ ማን እንደጠራት ገብቷቸዋልና ለእኔ ጀርባቸውን ሰጡኝ። እማዬ ግን የቹኞ፣ የደረቀ ድንች፣ ሾርባ ቀድታ አቀረበችላት። ተቀምጣ በላች። ስለ በሽታ አንድም ቃል አላነሳችም፤ ስለ ላማዎች፣ ስለ ዘገየው ዝናብ፣ ስለ ሱክሬ ገበያ አወራች። ኤልቪታ እንደ ልማዷ አባባ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር። ነርሷ እያጫወተች ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻትና አንገቷን በጣቶቿ ዳሰሰች። ከዚያ ጨዋታው ተቋረጠ። «ይህች ልጅ እንዲህ ከከሳች ስንት ጊዜዋ ነው?» ብላ ጠየቀች። አባባ ማንኪያቸውን ሾርባው ውስጥ ተዉት። በማግስቱ፣ ለእሑድ ብቻ የሚያደርጓትን ባርኔጣ አድርገው፣ ኤልቪታን በእጃቸው ይዘው፣ ሂዱ ሳንላቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ዜኖቢዮ፣ ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብህ በፊት ይህን ስማኝ። ልጅህ አለች። ዛሬ ጠዋት የዶኛ ሲሞናን ውሻ እያባረረች ቁልቁል ስትሮጥ ነበር፤ ቁርሷን ጨርሳ ከእኔ ዳቦ ላይም ቆርሳለች። ይህን በልብህ ያዝና ቀጥል።

የአባባ አክታ ውስጥ ነቀርሳው ተገኘ። ራጅ ለመነሳት ሦስታችንም ወደ ከተማ ወረድን። ሐኪሙ የአባባን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ በጣቱ እያሳየ፣ ይህኛው አቧራ ነው፣ ከእርስዎ ጋር ይኖራል፣ ይህኛው ግን ነቀርሳ ነው፣ እሱን ማስወጣት እንችላለን አላቸው። ትንንሽ ልጆች አክታ መትፋት ስለማይችሉ ኤልቪታን አስተኝተው በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገቡና የዋጠችውን አክታ ከሆዷ ቀዱ። እጇን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጥፍሯ መዳፌ ላይ ምልክት ጥሎ ነበር። እሷም ታማለች ወንድሜ። ይኸው ጻፍኩት። ብዙ ሳይሄድባት ተደርሶባታል፣ መድኃኒቱን በወጉ ከወሰደች ትድናለች ብለውናል።

በመመለሻችን መኪናው ሰው የሞላበት ነበር፤ አባባ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው መጡ። ጤና ጣቢያው ጋ ስንወርድ ነርሷን «እኔ ነኝ ያስያዝኳት?» ብለው ጠየቋት። እኔ ልታባብላቸው ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሊሆን ይችላል ዶን ሳቱርኒኖ» አለቻቸው። «እርስዎንም ጉድጓድ ውስጥ ያስያዘ ሰው አለ፣ እሱም አያውቅም። አሁን ልጅቷን የሚጠቅማት እርስዎ በየቀኑ መዋጥዎ ነው።» አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ክኒኑን የት ነው የምውጠው አሏት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አያትና የልጅ ልጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ነርሷ ፊት ለፊት ቆማ እያየች ይውጣሉ። መድኃኒቱ ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ኤልቪታ መጀመሪያ ቀን ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ ልታሳይ ነበር፣ እማዬ ናት አፏን ይዛ ያስገባቻት። አባባ ከብርድ ብለው በምስማር የመቱትን መስኮትም ነርሷ አስከፍታናለች። እማዬ «ከነቀርሳ የተረፈውን ሰው በብርድ ልትጨርሰው ነው» እያለች አጉረመረመች፤ አሁን ሁላችንም ቆብ አድርገን ነው የምንተኛው።

ሰዉ ግን ሰው ነው። ቺቻ ቤት፣ የበቆሎ ጠላ በሚጠጡበት፣ ለአባባ ለብቻቸው ጣሳ ለዩላቸው። የኤልቪታ አስተማሪ ነርሷ እስክትፈቅድ ድረስ እቤት ትቆይ ብላ ላከችብን። ዶን ካሲያኖም ሌላ ሰው በአባባ ቦታ አስገባ፤ ሊነግራቸው የመጣ ቀን ከደጃፍ አላለፈም፣ ሲናገርም ጫማውን እያየ ነበር። አባባ ደጅ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሌሎቹ ወደ ጉድጓድ ሲወጡ ያያሉ። ከበሽታው ይልቅ ይህ ነበር የሚያከሳቸው።

ታዲያ ሁለት ወር እንዳለፈ ሰውነታቸው ተመለሰ፤ ሳሉም ቀነሰ፣ ምግብም ይበሉ ጀመር። እኛም ደስ ብሎን ሳለ አንድ ሰኞ ነርሷ መጥታ ዶን ሳቱርኒኖ የት ናቸው አለችን። ለካ ኤልቪታን ከጤና ጣቢያው በር ላይ አድርሰው እሳቸው ሳይገቡ ወደ ጉድጓድ ይሄዳሉ። ከላይኛው መንደር ቡድን ጋር፣ ስለ በሽታቸው ካልሰሙ ሰዎች ጋር፣ ሥራ ጀምረው ኖሯል። ነርሷ ስትቆጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። መድኃኒቱን መሐል ላይ ያቋረጡት እንደሆነ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ከዚያ በዚህ ክኒን አይበገርም፣ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም እንዲያ ጠንክሮ ነው አለችን። ሁላችንም ዞር ብለን ኤልቪታን አየናት።

ማታ ለምነናቸው ነበር። አባባ «ድኛለሁ፣ አትጨቅጭቁኝ» ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። እማዬ አልጨቀጨቀችም። እማዬ መቼ ጮኻ ታውቃለች? በማግስቱ ግን ድንጋይ ልትመርጥ አልሄደችም። ከነርሷ ዘንድ ክኒኑን ተቀብላ በወረቀት ጠቅልላ፣ ውሃ በጣሳ ይዛ፣ የጉድጓዱ አፍ ላይ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ፈርቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ሲወጡ «ዶኛ ፓውሊና፣ ለማን ነው ምሳው?» እያሉ ያልፏታል። አባባ ከጓደኞቻቸው ጋር እየሳቁ ወጡና አዩዋት። ሳቁ ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«እቤት እንነጋገራለን» አሏት።

«እቤት ተነጋግረናል» አለች እማዬ። «ልጃችን አገር ለቆ ሲሄድ ልጁን ለእኔ ነው የሰጠኝ። ዋጥ ሳቱርኒኖ፣ ሁሉም ይየን።»

የላይኛው መንደር ሰዎች ፈንጠር ፈንጠር አሉ። አባባ ይሰድቧታል ወይም ጣሳውን ይረግጡታል ብዬ ሰግቼ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ክኒኖቹን ከእጇ አንድ በአንድ እያነሱ ዋጡ። አቧራ የለበሰ ፊታቸው ላይ እንባቸው መንገድ ሠርቶ ይወርድ ነበር፤ እማዬም እንደ ልጅ በሻሏ ጫፍ ጠረገችላቸው። ዶን ካሲያኖ ከኋላ ቆሞ ሁሉን አይቷል። ያን ሳምንት ነርሷ ዘንድ ሄዶ ዕቃውን ተቀበለ። እሱም ታሞ ተገኘ። እሱ ከሄደ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ፤ አሁን ቅዳሜ ነርሷ ስትመጣ ሰልፍ ይይዛሉ፣ ቀልዳቸውን ግን አልተዉም። እኔም የሰፈሩን ቤቶች እየዞርኩ ዕቃውን የማድረስና የመሰብሰብ ሥራ ረዳት ሆኛለሁ። አንዳንዱ በሩን ይዘጋብኛል፣ አንዳንዱ ሾርባ ይጋብዘኛል።

ታዲያ ምን አስጨነቀሽ ትለኝ ይሆናል። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጡም፣ ነገር ግን በኋላ የሰጡት አክታ ንጹሕ አልሆነም። መድኃኒቱ ይሠራባቸው እንደሆነ ወይም በሽታው ለምዶት እንደሆነ ለማየት ወደ ላ ፓዝ ተልኳል፤ መልሱ ገና አልመጣም። ለምዶት ከሆነ ለረጅም ጊዜ መርፌ ይወጋሉ አሉ፣ እሱም ጆሮና ኩላሊት ይጎዳል አሉ። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መልሱ የመጣ እየመሰለኝ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ኤልቪታ ግን እየወፈረች ነው፤ አንገቷ ላይ የነበረው እብጠትም ሟሟ። ትምህርት ቤት ተመልሳለች። እኔና እማዬ ተመርምረን ነፃ ነን።

የቀረኸው አንተ ነህ። ነርሷ በዚህ ክፍል ውስጥ ከእሳቸው ጋር ያደረ ማን ማን ነው ብላ ስትጠይቀን ያንተን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። ይስላል ወይ አለችኝ። የስልኩን ነገር ነገርኳት። አዳራችሁ እንዴት እንደሆነም ነገርኳት፤ ከማሽኖቹ ኋላ ተደራርባችሁ እንደምትተኙ፣ ጎረቤት የማሽን ድምፅ እንዳይሰማ ባለቤቱ መስኮቶቹን እንደዘጋቸው አንተው አጫውተኸኝ የለ? ነርሷ ይህን ስትሰማ እርሳሷን አስቀምጣ ግንባሯን ያዘች። አሁኑኑ ጻፊለት አለችኝ።

ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ይህን ደብዳቤ ባነበብክ ማግስት ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሂድ። ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል አድሬአለሁ፣ አባቴ ሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበታል ብለህ ንገራቸው። የመኖሪያ ወረቀት የለህም ብለው አይመልሱህም፤ ነርሷ እዚያ ዘመድ አላት፣ ጠይቃልኛለች። አክታውን ጠዋት ሳትበላ ከጥልቅ ስለህ ነው የምትሰጠው፣ ምራቅ አይደለም። የሥራ ቦታህ ባለቤት ካኮረፈ ያኩርፍ፣ ካባረረህም ያባርርህ፤ ማሽን ያለበት ቤት ሌላም አይጠፋም። አብረውህ ለሚያድሩትም ንገራቸው። ይሸሹኛል ብለህ እንደምትፈራ አውቃለሁ፣ አባባም የፈሩት ይህንኑ ነበር። ምናልባት ምንም የለብህ ይሆናል፣ እውነትም የጨርቅ ብናኝ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ያስጨነቅኩህን ይቅር በለኝ።

ደግሞ ይህን አንብበህ በንዴት አውቶቡስ ተሳፍረህ እንዳትመጣ። መምጣት እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ አንተን ባላውቅህ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን መጀመሪያ ተመርመር፣ ከታመምክም እዚያው መድኃኒቱን ጀምር፣ ከዚያ በኋላ ና፤ በሩን ራሴ ነኝ የምከፍትልህ። መልስ ስትጽፍልኝም «ደህና ነኝ» ብለህ ብቻ አትላክ። ሄድኩ፣ መረመሩኝ፣ ይህን አሉኝ ብለህ ጻፍልኝ።

እማዬ አብዝታ ትስምሃለች። በሩፊና ጓዝ ውስጥ የሱፍ ቆብ አስቀምጣልሃለች፤ መስኮት ከፍተህ ስትተኛ እንድታደርገው ነው። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ሌላ ምን ልጻፍለት ስላቸው «ሳሉን አይደብቅ በይው» ብለው ወጡ። ዶን ካሲያኖና ዶኛ ሲሞና ጤና ይስጥልኝ ይሉሃል። ነርሷም ሳታውቅህ ሰላምታዋን ልካልሃለች።

ኤልቪታም ትናፍቅሃለች። ባለፈው በስልክ ስታናግራት ድምፅዋ ታፈነብኝ፣ መስመሩ መጥፎ ነው ብለህ ተበሳጭተህ ነበር። መስመሩ ደህና ነበር። ነርሷ ሰው ስታናግሪ አፍሽን ሸፍኚ ስላለቻት፣ በሽታው በስልኩ ሽቦ ወዳንተ እንዳይሄድ ብላ ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅልላ ነው ያናገረችህ።

እህትህ ኒኮላሳ

ቺልካኒ የማዕድን ሰፈር፣ ፖቶሲ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998